ማር ነው የተባለው የወንድሜ ስኳር

ስኳር የጠፋበትን ዘመን የመቱ ከተማ ሰው ሁሉ በየራሱ ያስታውሰዋል፤ እኔ የማስታውሰው በሾፌሮች ኪስ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ነበረኝ። ሾፌሩ ይገባል፣ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፣ ሻይ ያዛል። ከዚያ ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር ያወጣና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ብርጭቆው ውስጥ ይጨምራል። ለምን ወደ ግድግዳ? ጎኑ የተቀመጠው እንዳይለምነው ነዋ! ይሉኝታ የሚባል ነገር በስኳር ምክንያት አለቀ እላችኋለሁ። ኪሱ ባዶ የሆነው ደግሞ መራራውን ሻይ አንዴ ፉት ይልና እኔን ያየኛል፣ ስኳሩን የደበቅኩበት ይመስል።

እኔ ደግሞ እንዲያ ሲያዩኝ አልወድም። "ምን ታፈጥብኛለህ? እኔ አገዳ ነኝ እንዴ ጨምቀህ የምትጠጣኝ?" እላለሁ። ይስቃሉ። ስቀው ይሄዱና በማግስቱ አይመጡም።

ወሬው በየቀኑ ይለዋወጣል። ፋብሪካው ማሽን ተሰብሮበት ቆሟል ይባላል፤ አይደለም፣ አገዳው በጊዜው ሳይቆረጥ አርጅቶ ነው ይባላል፤ ኧረ ነጋዴ ደብቆት ነው፤ ኧረ መኪናው መንገድ ላይ ነው። እዚሁ እኛው አገር ወንዝ ዳር አዲስ ፋብሪካ ይተከላል፣ ያኔ ስኳር ትጠግባላችሁ ያለም አልጠፋ። ድንገት ሲመጣም በቀበሌ ኩፖን ነው። ያቺ ለቤት የምትሰጥ ስኳር ደግሞ ሻይ ቤት አትችልም፤ ማለዳ ከፍቼ ረፋድ ላይ ታልቃለች።

ቤቱ የኪራይ ነው። አከራዬ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው የሚኖሩት፣ ደግ ሴት ናቸው፣ ቤታቸውን ግን በዋዛ አያዩም። ሞባይል መሸጫ ሊከፍትበት የሚፈልግ አንድ ወጣት በየሳምንቱ እየመጣ ይለማመጣቸዋል። አንድ ቀን ጠሩኝና፣ "ልጄ፣ ሠርተሽ እስከበላሽ ድረስ ቤቱ የአንቺ ነው። ሰው መግባት ያቆመ ቀን ግን ቁልፌን እቀበልሻለሁ። ባዶ ቤት አይጥ ያረባል" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ልጆቼን የማሳድገው በዚያች ቤት ነበር፣ ከእሷ ሌላ መግቢያ የለኝም። "እሺ እትዬ" ብዬ ወጣሁና ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ወንድሜ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ታላቄ ነው። ዕድሜውን የጨረሰው ሩቅ ቆላ ያለ ስኳር ፋብሪካ ውስጥ፣ የአገዳ ጭማቂ የሚፈላበት ክፍል ነው። ሠራተኛ ሲቀነስ ተቀንሶ አንድ ሻንጣና አንድ ትልቅ አፍ ይዞ ከች አለ። ሻይ ሰጠሁት፤ ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ።

"ስኳር የለሽም?"

"ከየት አባቴ ላምጣ?"

በመስኮት የጎረቤት አጥር ሥር ወደ ቆመው አገዳ ጣቱን ቀሰረ። "ይሄ ምንድን ነው?"

"አገዳ ነዋ።"

"አይደለም። ስኳር ነው፣ ገና አልፈላም እንጂ። እኔ በሕይወት እያለሁ የእኔ እህት ስኳር አጣች ተብሎ ሊወራ ነው? በሕግ አምላክ!"

በማግስቱ ብየዳ ቤት ሄዶ ከአሮጌ የውሃ ቧንቧ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን አስገጥሞ በእጅ የሚዞር መጭመቂያ አሠራ። እኔ ስቄ ነበር። ግን መቱ ዙሪያ ረግረግ ዳር አገዳ ሞልቷል፤ ልጆች ይመጥጡታል፣ በገበያ ቀን በእስር እየሆነ ይሸጣል፤ ይህ እኮ ስኳር ነው ብሎ ያየው ሰው ግን አልነበረም። ገዝተን አመጣን፣ ጨመቅን። አረንጓዴ ጭማቂ በባልዲ ሲሞላ፣ እውነቴን ነው፣ ልቤ መዝለል ጀመረ። ትልቁ ብረት ድስት ተጣደ። ወንድሜ ከኖራ ቆንጠር አድርጎ ጨመረበትና ቆሻሻው ወደ ላይ ሲንሳፈፍ በጭልፋ እየገፈፈ ይደፋል። "እሳት ቀንሺ! እሳት ጨምሪ! አታማስይው! ኧረ አማስይው!" ቆሜ ማገዶ ስማግድ ሚስቱ ብሆን ኖሮ በዚያው ቀን ጥዬው እሄድ ነበር።

ፈላ፣ ፈላ፣ ጠቆረ፣ ወፈረ። ከእሳት አውርዶ ማቀዝቀዝ ጀመረ። ጠበቅን። ጉም ያለበት ቀን ነው፣ ካፊያው አላባራም። ወንድሜ በማንኪያ እያነሳ ያየዋል፣ መልሶ ያፈሰዋል፣ እንደገና ያነሳዋል። በመጨረሻ ማንኪያውን ወረወረው።

"አልረጋ አለ! ፍሬ አልያዘም! አገዳው ዝናብ ጠጥቶ ጠጥቶ ውሃ ሆኗል። ይሄ ስኳር አይደለም፣ ጭቃ ነው።"

ጣቴን ሰደድ አድርጌ ላስኩት። እናንተ ሆይ! ጮህኩ። "አንተ ሰውዬ፣ ይጣፍጣል እኮ!"

"ስኳር ነጭ ነው። እፍኝ ሲያደርጉት በጣት መሐል የሚፈስ ነው። ይሄን እኔ ስኳር ብዬ አልጠራም።"

"አትጥራው! ሻይ ውስጥ ከገባ በኋላ ነጭነቱን ማን ያየዋል?" አልኩና በጣሳ ቀድቼ ወደ ሻይ ቤቴ ሮጥኩ።

መጀመሪያ የቀመሰው የቡሬ መስመር ሾፌር ነው፣ የዘወትር ደንበኛዬ። እጁን ኪሱ ሲከት "ተው፣ ቤቱ አስገብቶልሃል" አልኩት። ፉት አለ። ዓይኑ ፈጠጠ። ደግሞ ፉት አለ። "አንቺ!" አለ ተነስቶ፣ "ማር ነው እንዴ?" እኔ ነው አላልኩም፣ አይደለምም አላልኩም። "ጠጣ እንግዲህ፣ ይበርዳል" አልኩ። እሱ ግን በሩ ላይ ወጥቶ ለመናኸሪያው በሙሉ ለፈፈ፤ "ኑ! በማር ሻይ እየተጠጣ ነው!"

ከዚያ በኋላ የሆነው ጉድ አይወራ። በእኛ አገር ሰው መቼም ማር አላውቅም አይልም። ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ነው፤ አንዱ የቀመሰውን ሌላው ከየት ዛፍ እንደመጣ ካልነገረው አያርፍም። አንድ አስተማሪ "የብሳና አበባ ነው፣ ቀለሙ ይመሰክራል" ይላል። የቡና ደላላው "ምን ብሳና ትላለህ፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ መረር አይልህም? ግራዋ ነው" ይላል። ብርጭቆ እያነሱ በብርሃን ያዩታል! እስከ ውርርድ ደረሱ። አግዳሚው ሞልቶ ሰው ቆሞ መጠጣት ጀመረ። አከራዬ በግቢው በር ብቅ ብለው ዓይተው ተመለሱ። የዚያን ቀን ማታ እንዴት ያለ እንቅልፍ ተኛሁ መሰላችሁ!

አንድ ሰው ብቻ ተናደደ። ወንድሜ ከጓሮ ሆኖ ይሰማ ነበር።

"ማር? ማር ነው ያሉት? ዕድሜዬን የፈጀሁበት ሙያ የንብ ሆነ? አሁን ወጥቼ ነው የምነግራቸው!"

እጁን ያዝኩት። "በእናታችን አጥንት ይዤሃለሁ፣ ዝም በል። አገዳ ነው ካልካቸው ነገ አንድ ሰው አይመጣም። ቤቱ እስኪተርፍልኝ ድረስ ንብ ብትሆንልኝ ምን አለበት?"

"እኔ ንብ አይደለሁም!" አለና ጭልፋውን ይዞ ወደ ድስቱ ሄደ። እየተነጫነጨ ግን ያፈላል፤ እሱ ያፈላል፣ እኔ እቀዳለሁ፣ ሰዉ ስለ አበባ ይከራከራል። እንዲህ ሆኖ ሰነበተ።

ከዚያ በአንድ የገበያ ቀን ከሁሩሙ አንድ ሽማግሌ መጡ። ጋቢ ለብሰዋል፣ ዱላ ይዘዋል፤ ወሬውን ሰምተው ነው። ሁሩሙ የማር አገር ነው፣ እሳቸውም ዕድሜ ልካቸውን ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅሉ የኖሩ ናቸው። ሰው ሁሉ ተነስቶ ቦታ ለቀቀላቸው። ብሳና ባዩም ግራዋ ባዩም አፋቸውን አፋቸውን ያያሉ፣ ፍርድ ሊሰጡ ነዋ! ፉት አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደግሞ ፉት አሉ። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀምጠው ብድግ አሉ።

"ደማ ኮቲ!" ብለው ጮኹ። የኔ ማር ነው ማለታቸው ነው። "የኔ ማር ነው! ቀፎዬ በዚህ ሰሞን ተሰብሮ አድሯል። ሌባውን ስፈልግ ነበር፣ ይኸው ሻይ ቤት ከፍቶ አገኘሁት!"

ደሜ ደረቀ። በእኛ ዘንድ ቀፎ ሰባሪ መባል ከሌባ ሁሉ የከፋ ነው፤ ሰውየው ዛፍ ላይ ወጥቶ ሲደክም ከርሞ አንተ በጨለማ መጥተህ አርግፈህ ስትሄድ! ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። መጀመሪያ የከዳኝ ማን ነው? ያ የቡሬ መስመር ሾፌር!

"እኔም ገርሞኝ ነበር" አለ ራሱን እየነቀነቀ፣ "በዚህ ኑሮ ይህን ሁሉ ማር ከየት ታመጣዋለች እያልኩ።"

"አንተ ውሻ! አንተ አይደለህ እንዴ ማር ነው ብለህ ያወጅከው?" ብዬ ጭልፋ አነሳሁበት። ያዙኝ። ፖሊስ ይጠራ የሚል አለ፣ ሽማግሌ ይቀመጥ የሚል አለ። ዞር ስል አከራዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው በር ላይ ቆመዋል።

"ማር አይደለም!" አልኩ በሙሉ ድምፄ። "ሰማችሁ? አገዳ ነው! ሸንኮራ አገዳ ፈልቶ ነው!"

ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሳቁብኝ። ሁሉም፣ በአንድ አፍ። "አገዳ ነው አለች! እኛ ማር አናውቅማ!" አለ አስተማሪው። ሽማግሌው ጭራሽ ተቆጡ፤ "ልጄ፣ መስረቅሽ ሳያንስ ምላሴን ልትሰድቢ ነው?" እግዚኦ! እውነቱን ብናገር ይብስ ሌባ ሆንኩ።

ያን ጊዜ ወንድሜ ከጓሮ ወጣ። እኔ በሌብነት ተከብቤ እሱ ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ ብታዩ! ሙሽራ መስሏል። ጎንበስ ብሎ ሽማግሌውን እጅ ነሳቸው።

"አባባ፣ ዳኛው እርስዎ ይሁኑ። ንቧ እኔ ነኝ። ይምጡ፣ ቀፎዬን ላሳይዎት።"

ሰዉ ተግተልትሎ ወደ ጓሮ ገባ። አጥር ላይ የወጣ አለ፣ የጎረቤት ጣሪያ ላይ የተሰቀለ አለ። ለሽማግሌው ዱካ አምጥቼ እሳቱ አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ወንድሜ እጅጌውን ሰብስቦ አገዳውን በመጭመቂያው መሐል ሰደደ፤ መዘውሩን ደላላው ካላዞርኩ ብሎ ተጣላ። ጭማቂው ፈሰሰ። ሽማግሌው ቀመሱ፤ "ይሄማ አገዳ ነው፣ ማን አጣው" አሉ። ኖራው ገባ፣ አረፋው ወጣ፣ ተገፈፈ። ቀመሱ፤ "ገና አገዳ ነው።" እሳቱ ይነዳል፣ እኔ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ወንድሜ እየዞረ ያስተምራል፤ ፋብሪካ ውስጥ ቤት የሚያህል ጋን እንዳለ፣ አረፋውን በጆሮ እንደሚሰሙት፣ አንዲት ደቂቃ ካለፈ እንደሚያርር። አረፋው ትንሽ ትንሽ የነበረው ትልቅ ትልቅ ሆነ፣ ድምፁም ከፈላ ውሃ ወደ ገንፎ ተለወጠ። ሽታው! መቼም ያን ሽታ አልረሳውም፣ ግቢው ሁሉ ምራቁን ዋጠ።

ወንድሜ ጭልፋውን ከፍ ሲያደርገው እንደ ክር ተሳበ። ኮባ ቅጠል ላይ ጠብ አድርጎ፣ ካቀዘቀዘው በኋላ ለሽማግሌው በሁለት እጁ አቀረበ። ላሱት።

"እስቲ ድገመኝ" አሉ።

ደገማቸው። ላሱና፣ መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ዱላቸው እስኪወድቅ ሳቁ። "ያላንድ አበባ! ያላንድ ንብ! ወይ ጉድ!" ወደ እኔ ዞረው አፋቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። "ልጄ፣ ይሄ አፍ በድሎሻል። ምላሴን አምኜው ነው፣ ይቅር በይኝ።" እኔ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ጭብጨባው፣ እልልታው፣ ፉጨቱ! ወንድሜ ቆሞ ያለቅስ ነበር፤ "ስኳር ነው" ይላል እያለቀሰ፣ "አያችሁ አይደል፣ ስኳር ነው።"

በዚህ መሐል ከመንገድ በኩል የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። አንድ ሰው በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ "ስኳር ገባ! ነጩ ስኳር ገባ! ኩፖን ያለህ ሩጥ!" አለ።

ከግቢው እንዴት እንደወጡ አልነግራችሁም። አስተማሪው የቡና ደላላውን ገፍትሮ፣ ሾፌሩ በአጥሩ ላይ ዘሎ። ዓይን በሚጨፈንበት ፍጥነት ጓሮው ወና ሆነ። ወንድሜ ጭልፋውን እንደያዘ ቀረ። ሽማግሌው ብቻ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ኮባውን ይልሳሉ።

"አባባ፣ እርስዎ አይሄዱም?" አልኳቸው።

"በየቱ ኩፖኔ? እኛ ገጠር ስኳር ከደረሰን ክረምቱ ተመላልሷል" አሉ። "ይልቅ ለባለቤቴ ትንሽ ቅጂልኝ፣ ታመሰግንሻለች።" በጠርሙስ ሞልቼ ሰጠኋቸው፤ መርቀውን ሄዱ።

በማግስቱ ያ ሾፌር መጣ። ቀመሰና አፉን አጣመመ። "ይሄ ነገርሽ ጭስ ጭስ ይላል" አለኝ።

"ትናንትና እኮ ማር ነው እያልክ ስትምል ነበር!"

"ያኔማ ማር ነበራ!" አለና ከኪሱ ነጩን ስኳር አወጣ።

ያው ድስት፣ ያው እሳት፣ ያው ምላስ፤ ስሙ ሲለወጥ ጣዕሙ ተለወጠባቸው። በዚያ ላይ ሁሉም ቤቱ ስኳር አለው፣ ሻዩን ቤቱ ጠጥቶ ይወጣል። አግዳሚዎቼ ባዶ ሆኑ። ወንድሜ መጭመቂያውን በማዳበሪያ ጆንያ ሸፍኖ ሻንጣውን ማስተካከል ጀመረ። አከራዬ ቀስ ብለው መጡና፣ "ልጄ፣ አልጨከንኩም፣ ግን ታያለሽ" አሉኝ። "በገበያ ቀን ጠዋት ያንን ባለሞባይል ልጅ ይዤው እመጣለሁ፣ ዕቃሽን ሰብስበሽ ጠብቂኝ።" ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

የገበያው ቀን ጠዋት ብርጭቆዎቼን በጋዜጣ እየጠቀለልኩ ሳፋ ውስጥ ስደረድር ከውጭ የሰው ጫጫታ ሰማሁ። መጡ አልኩ። እንባዬን ጠርጌ በሩን ስከፍት አከራዬ አይደሉም። የሁሩሙው ሽማግሌ ናቸው፤ ከኋላቸው ሰው፣ ከሰው ኋላ ሰው፣ አጥሩን ተከትሎ እስከ አስፋልቱ ድረስ። ሁሉም አገዳ ተሸክሟል! በትከሻው የያዘ አለ፣ በአህያ የጫነ አለ፣ ከዳሪሙ ሌሊት ተነስተው በእግራቸው የመጡ እናቶች በጀርባቸው አዝለውታል።

"ባለቤቴ ለጎረቤት አቀመሰች፣ ጎረቤት ለጎረቤት ተናገረ" አሉ ሽማግሌው። "ሁሉም ጓሮ አገዳ አለ፣ ስኳር ያለው ቤት ግን የለም። ወንድምሽ ያፍላልን። እንደ ወፍጮ ቤት ነው፤ ከሚወጣው ድርሻችሁን ታስቀራላችሁ። ተራችን እስኪደርስ ደግሞ ሻይ ቅጂልን፣ ርቦናል፣ ጠምቶናል።"

ጮህኩ መሰለኝ፤ ምን እንዳልኩ አላውቅም። ወንድሜ በአንድ እግሩ ጫማ፣ በአንድ እግሩ ካልሲ ሆኖ ወጣና ያንን ሁሉ አገዳ አየ። ሮጦ ሄዶ ጆንያውን ከመጭመቂያው ላይ ገፈፈ። እኔ ብርጭቆዎቹን ከጋዜጣ መፍታት ጀመርኩ፣ በጥድፊያ ሁለቱን ሰበርኩ፣ ምንም አልመሰለኝ። አግዳሚው ሞላ፣ ደጃፉ ሞላ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

አከራዬ የመጡት ያኔ ነው። ባለሞባይሉ ልጅ ከጎናቸው፣ አዲስ የበር ጓጉንቸር በእጃቸው። ሰዉን ገፋ ገፋ አድርገው እስከ በሩ ደረሱ። እኔ ማንቆርቆሪያ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

"ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ሕዝብ አገዳ ለማስፈላት ነው?"

"አዎ፣ እትዬ።"

አንዱን እስር ዳበስ አደረጉ። የሰልፉን ጫፍ ለማየት አንገታቸውን አስገጉ፣ አልታያቸውም። ወደ ልጁ ዞረው "አንተ ሌላ ቤት ፈልግ" አሉት፣ ጓጉንቸሩን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ፣ ከዚያ ገበያው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ "ረግረግ ዳር ያለኝን አገዳ አስቆርጬ እስክመጣ ተራ ያዙልኝ! የመጨረሻው ማነው?" አሉ።